ለጊዜው እንዲነሣ የጻፍኩት እግድ

ይህን ታሪክ ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። ባለቤቴ ግማሹን ያውቃል። አለቃዬ የነበሩት አቶ መክብብ ሌላውን ግማሽ ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ከዘገየሁ ታገሡኝ።

ሂሩት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የውሃ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ነው። ከእኛ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእትዬ ሩቂያ ቤት ነበር። ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ባለቤታቸው አቶ ሱሩር በሕይወት እያሉ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ከድር ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። አብረን ትምህርት ቤት ተመላልሰናል፤ ኩፍኝ እንኳን የያዘን በአንድ ሳምንት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ አባቱ ሞተውበት ትምህርቱን አቋረጠና አብነት አካባቢ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ሥራ ወደ ሥራ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ያለ አንድ የውጭ አገር ፋብሪካ ገባ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጠው ወደ ውጭ የሚልኩበት ፋብሪካ ነው። ይህንን የሰማሁት ለአረፋ በዓል ቤታቸው ሄጄ ነው። «ሰርቪስ አለው፣ ቋሚ ነው» አሉኝ እትዬ ሩቂያ። ደስ አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ የኢንቨስትመንት ስምምነቶች ነው። ነገሩ ሲነገር ከባድ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ሁለት አገሮች ተቀምጠው «የአንተ ባለሀብት እኔ ዘንድ ሲመጣ እንዲህ አድርጌ እጠብቀዋለሁ፤ የእኔም ወደ አንተ ሲመጣ እንዲሁ» ብለው ይፈራረማሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። በተግባር ግን ፋብሪካ ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ ከወዲያ ወደዚህ ነው። ባለሀብቱ «መንግሥት በደለኝ» ካለ የእኛን ፍርድ ቤት ደጃፍ መርገጥ አይጠበቅበትም፤ ውጭ አገር፣ በሦስት የግልግል ዳኞች ፊት አገሪቱን ይከሳል። ከአሮጌዎቹ ስምምነቶች አብዛኞቹ የተጻፉት በዚህ መልክ ነው። «ዘላቂ ልማት» የሚለው ቃል መግቢያው ላይ አንዴ ብቅ ይላል፤ መግቢያ ደግሞ ማንንም አያስገድድም። ባለሀብቱ ግዴታ አለበት የሚል አንቀጽ ግን የለም።

ይህ ሁሉ ይገባኝ ነበር። ስብሰባ ላይ እናገረዋለሁ፣ ለወጣት ባለሙያዎችም አስተምረዋለሁ። የሚገባኝ ግን እንደ ፈተና ጥያቄ ነበር። አንድ ቃል ለማስለወጥ ሦስት ቀን ተከራክሬ ሳስለውጥ፣ ያ ቃል ማን ቤት እንደሚገባ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ቀን ነው። ከዚያው ፋብሪካ ባለቤት አገር ከመጣ የልዑካን ቡድን ጋር አሮጌውን ስምምነት በአዲስ ለመተካት ድርድር ጀመርን፤ ሰንጋ ተራ፣ አንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ወገን ረቂቁ ላይ ፓራፍ እንዲያደርግ፣ ማለትም በየገጹ አጭር ፊርማውን እንዲያኖር ታስቧል። የቀሩን ሁለት ነጥቦች ብቻ ነበሩ። አንደኛው፣ መንግሥት የሕዝብን ጤናና አካባቢን ለመጠበቅ የሚወስደው እርምጃ ስምምነቱን እንደ መጣስ አይቆጠርም የሚለው የእኛ አንቀጽ ነው። እነሱ «እርምጃው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ» የሚል ሐረግ ይጨመርበት አሉ። ሐረጓ ትንሽ ናት፤ ከገባች ግን እርምጃው አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚወስኑት እነዚያ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ነጥብ የመጨረሻው አንቀጽ ነው፦ አዲሱ ስምምነት ቢጸናም፣ ቀድሞ የገቡ ባለሀብቶች ለአሥራ አምስት ዓመት በአሮጌው ስምምነት መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ። በዚህኛው ላይ ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገርኩም። የተለመደ አንቀጽ ስለሆነ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። እትዬ ሩቂያ ናቸው።

«ሂሩትዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ።»

«ምንም አይደል፣ ደኅና ነዎት?»

«ከድር ታሟል። አንድ ወረቀት አለ፣ የሕግ ነገር ነው መሰለኝ፤ ትርጉሙ አልገባንም። ስትወጪ ብቅ ብትይ።»

ስብሰባው እንዳለቀ በእግሬ ወረድኩ። ከአዲሶቹ ፎቆች ሥር ወጥቼ የድሮው ሰፈር ለመግባት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መንገዱ ጠቦ፣ ታክሲው፣ ጋሪውና ሰው ተፋፍጎ ነበር። ቤታቸው ስገባ ከድር መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ ክንዱን አነሣ፤ መዳፉ ግን ከአንጓው ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለቱም እጆቹ እንደዚያው ናቸው።

«አይነሡልኝም» አለ። «ሆዴንም ይቆርጠኛል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ብርጭቆ መያዝ አቅቶኛል።»

እትዬ ሩቂያ የሆስፒታል ወረቀት ሰጡኝ። ደሙ ውስጥ እርሳስ አለ ይላል።

«እርሳስ ያሉት የሚጻፍበትን ነው?» አሉኝ። «ሐኪሟን መጠየቅ አፈርኩ።»

«አይደለም እትዬ። ብረት ነው። እዚያ የሚያቀልጡት።»

የከድር ሚስት ዘሃራ ጥግ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሒክማ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። በአረፋ ሄጄ ስመለስ በር ድረስ ተከትላኝ «አክስቴ፣ ነገ ነይ፣ ከረሜላ አምጪ» ያለችኝ ልጅ ናት። አሁን ስጠራት ዞር ብላ አየችኝና መልሳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

«መናገር ትታለች» አለች ዘሃራ። «መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል እየጠፋባት ሄደ። ከዚያ ሁሉም። የሥራ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ እሷ ሳፋው ውስጥ እጇን ከታ ስትጫወት አልከለክላትም ነበር። እርሳሱ የገባባት ከልብሱ አቧራ ነው አሉኝ። እኔ አቧራ ነው ብዬ ነው እንጂ…» አልጨረሰችውም።

ከዚያ ከድር ወረቀቱን በክርኑ ወደ እኔ ገፋው። ፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው።

«ይኸውልሽ» አለኝ፤ «ከስድስት ወር በፊት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ከሁላችንም ደም ወሰዱ። በሳምንቱ ፋብሪካው ታሸገ። ውጤቱን ግን ማንም አልነገረን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲታሸግ ተናድጄ ነበር፤ ቤት መዋል ጀመርኩ። ዘሃራ ግን ‹ልብስህን ሳጥብ የሚይዘኝ ሳል ተወኝ› አለች። ከሃያ ቀን በኋላ ‹ተከፍቷል፣ ግቡ› ተባልን። ይሄ ተለጥፎ ነበር። መንግሥት ራሱ ከከፈተው ችግር የለበትም ማለት ነው ብለን ገባን። እኔ ያኔ እጄ ደኅና ነበር። ልጅቷም ትናገር ነበር። አንብቢልኝና እስቲ ለምን እንደከፈቱት ንገሪኝ።»

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «በሁለቱ አገሮች መካከል በተደረገው ስምምነት ለባለሀብቱ ከተረጋገጠው ፍትሐዊና ርትዓዊ አያያዝ ጋር ሊጋጭ የሚችል በመሆኑ፣ የእግድ ትእዛዙ ጉዳዩ በውይይት እስኪፈታ ድረስ ለጊዜው እንዲነሣ…»

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ።

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ተመሳሳይ አይደለም፤ ራሱ ነው። ከስድስት ወር በፊት የፋብሪካው ጠበቆች «እግዱ ካልተነሣ በስምምነቱ መሠረት እንከሳለን» ብለው ጽፈው፣ መዝገቡ የሕግ አስተያየት እንድሰጥበት ወደ እኔ ተመርቶ ነበር። መዝገቡ ላይ የነበረው ስም የድርጅቱ የውጭ መጠሪያ ስለነበር ከድር የሚሠራበት መሆኑን አላወቅኩም። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ጨረስኩት። አቶ መክብብ «ጥሩ ሥራ ነው» ብለው ፈረሙበት። «ለጊዜው እንዲነሣ» የሚለውን ሐረግ ስመርጥ ልስላሴው ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

«ምነው?» አሉ እትዬ ሩቂያ።

«ምንም። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል።»

«ማነው የጻፈው?» አለ ከድር። «ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት ስም ይታያል። እናንተ ጋ አይደለም?»

ዓይኑን አላየሁም። «ብዙ ክፍል ነው ያለው» አልኩት። «አላውቅም።»

አንብባችሁ እዚህ ከደረሳችሁ፣ ይህቺን ውሸት ደግማችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካደረግኩት ሁሉ እስካሁን የምታሳፍረኝ እሷ ናት። አስተያየቱን ስጽፍ ማን እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር። «አላውቅም» ስለው ግን አውቅ ነበር።

«ልደታ ፍርድ ቤት ብከስስስ?» አለኝ። «ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ጉዳት ደረሰብኝ ብለህ መክሰስ ትችላለህ። የፋብሪካው መዘጋትና መከፈት ግን እዚያ አይወሰንም። ሌላ ቦታ ነው።»

«እዚያ ሌላው ቦታ እኔ መግባት እችላለሁ?»

«አትችልም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የተቆጣ አይመስልም ነበር። «እሺ» አለ። «ሻይ ቅጅላት ዘሃራ።»

ረቡዕ ጠዋት ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት ቢሮ ገብቼ መዝገቡን አስወጣሁ። ሁለት ገጽ አስተያየቴ ከላይ አለ። ከሥር የተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት አለ፤ ከሪፖርቱ ኋላ በስቴፕልስ የተያያዘ አባሪ። ስጽፍ አባሪው መኖሩን አውቅ ነበር። አልገለጥኩትም። የተጠየቅኩት የሕግ ጥያቄ ነው፣ የደም ምርመራ የሐኪም ጉዳይ ነው ብዬ ነው። አሁን ገለጥኩት። የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ከተፈቀደው በላይ» የሚል ጽሑፍ። ከተፈቀደው በላይ፣ ከተፈቀደው በላይ፣ እስከ ገጹ ታች። አራተኛው ስም «ከድር ሱሩር» ይላል።

ያ ወረቀት ለስድስት ወር ከጠረጴዛዬ በሦስት እርምጃ ርቀት መደርደሪያ ላይ ነበር። እሱ ውጤቱን የሚነግረው ሰው ሲጠብቅ ውጤቱ የነበረው እኔ ዘንድ ነው።

አቶ መክብብን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። የልዑካን ቡድናችን መሪ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ትንሽ የቀራቸው፣ ቁጥብና ጨዋ ሰው። አባሪውን ሰጥቻቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። እያነበቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባሪውን ያኔ አንብበውት ነበር?» አልኳቸው።

«አላነበብኩትም። አንቺ አንብበሽዋል ብዬ ነው።»

«እኔም አላነበብኩትም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። «አሁን ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«የመጨረሻው አንቀጽ ይውጣ። አሥራ አምስት ዓመት አሮጌው እየሠራ ከቀጠለ፣ አዲሱ እነዚህን ሰዎች አይነካም።»

«አይቀበሉም።»

«እንጠይቅ።»

«ሂሩት» አሉኝ፤ «እኔም ልጆች አሉኝ። ግን አስቢው። ይህ ድርድር ከፈረሰ አሮጌው እንዳለ ነው የሚቀጥለው፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ሳይሆን መጨረሻው እስከማይታወቅበት ጊዜ። ለነዚህም አይሆን፣ ለሚመጡትም አይሆን።» ከዚያ አባሪውን መለሱልኝ። «ጠይቂ። አላቋርጥሽም።»

ከሰዓት በኋላ ተራው ሲደርሰኝ ተናገርኩ። በሥራዬ ዘመን ከጽሑፍ ሳላነብ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የወዲያኛው ወገን ዋና ጠበቃ ጠጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ሽበታም ሴት ናቸው፤ ሁለቱንም ቀን ከወረቀታቸው ቀና ሲሉ አላየኋቸውም ነበር። ስለ ፋብሪካው፣ ስሙን ሳልጠራ ነገርኳቸው። ስለ እግዱ፣ ስለ ጠበቆቹ ደብዳቤ፣ ስለ እኔ ሁለት ገጽ። በመጨረሻ ስለ ልጅቷ ስናገር ቀና አሉ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገር ነበር?»

«ትናገር ነበር።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በዝግታ፣ ቃል እየመረጡ መለሱልኝ። ሥልጣናቸው በጽሑፍ የተወሰነ መሆኑን፣ ቀድሞ የገቡ ባለሀብቶችን ጥበቃ የመንካት ፈቃድ እንደሌላቸው፣ ቢነኩት ፊርማቸው እንደማይጸና ነገሩኝ። «‹አስፈላጊ› የሚለውን ቃል ግን ማውጣት እችላለሁ» አሉ። «ለዚያ ሥልጣን አለኝ። የባለሀብቱን ግዴታ በተመለከተም አንድ አንቀጽ እቀበላለሁ፤ አንቺ ጻፊው።»

የጤና እረፍት ብለን ለግማሽ ሰዓት ወጣን፤ እኔም ጻፍኩት። ባለሀብቱ የሠራተኞቹን ጤና በየጊዜው ያስመረምራል፤ ውጤቱን ለራሳቸው ለሠራተኞቹ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ያሳውቃል፤ ይህን ያላደረገ ባለሀብት በስምምነቱ ጥበቃ መክሰስ አይችልም። አራት መስመር ናት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው አንቀጾች ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት። እየጻፍኩ ሳለሁ ግን ለማን እንደማትሆን አውቅ ነበር። ዋጋዋ የመጨረሻውን አንቀጽ እንዳለ መተው ነው። ለሚመጣው ፋብሪካ ጥሩ ሕግ እያወጣሁ፣ ያለውን ፋብሪካ ለአሥራ አምስት ዓመት አሮጌው ውስጥ እየተውኩት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ መክብብ ረቂቁን ፊቴ አስቀመጡና «እያንዳንዱ ገጽ ላይ ባለሙያዋ ቀድማ ፓራፍ ታድርግ» አሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁሉም ያየኛል። ላለመፈረም እችል ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። ፈረምኩ። ፎቶ ተነሣን። ሽበታሟ ሴት ሲሰናበቱኝ እጄን ከተለመደው ረዘም አድርገው ያዙት።

ከዚያ በቀጥታ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን አሥር ጊዜ አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ አንዱም አልቀረም።

ዘሃራ ልጅቷን ይዛ ሆስፒታል ሄዳለች። ከድርና እናቱ ብቻ ነበሩ። እትዬ ሩቂያ በማንኪያ ሾርባ እያጎረሱት ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው አፉን እየከፈተ ሲጠብቅ አየሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማክሰኞ ዕለት ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው እኔ ነኝ። እግዱ ይነሣ ያልኩት እኔ ነኝ። የደም ምርመራችሁ ውጤት እኔ ጋ ነበር፤ አላነበብኩትም። ስምህ ነበረበት።»

እትዬ ሩቂያ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጡት።

ከድር ወደ እኔ ዞረ። «ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«እትዬን።»

እሳቸው ቀና አላሉም። በነጠላቸው ጫፍ የከድርን አገጭ ጠረጉ፤ ከዚያ እዚያው ቦታ ደግመው ጠረጉ፣ የፈሰሰ ነገር ሳይኖር።

«ዛሬ አዲስ ስምምነት ተፈራርመናል» አልኩት። «እንደ እናንተ ዓይነት ነገር ሲደርስ መንግሥት ያለ ፍርሃት መዝጋት ይችላል። ውጤቱንም ለሠራተኛው መናገር ግዴታ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለ። «የኛንም ይዘጉታል ማለት ነው?»

«የእናንተ በአሮጌው ነው የሚቆየው። አዲሱ ከእንግዲህ ለሚመጡት ነው።»

«ለሚመጡት» አለ፤ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «ትናንት ስድስት አዲስ ሠራተኛ ገብቷል ብለውኛል፤ በኔና በሌሎቹ ቦታ። እነሱ የሚመጡት ናቸው ወይስ የነበሩት?»

የሕግ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሚቆጠረው ሠራተኛው የገባበት ቀን ሳይሆን ፋብሪካው የገባበት ቀን ነው። አልነገርኩትም። የገባው ይመስለኛል።

«ሂጂ በቃ ሂሩት» አሉ እትዬ ሩቂያ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ሂሩትዬ» እንጂ ሂሩት ብለውኝ አያውቁም። «ዛሬ ሂጂ።»

በማግስቱ አዲስ የሕግ አስተያየት ጻፍኩ። በዚህኛው ላይ አባሪውን ከፊት አድርጌ፣ ያለፈው አስተያየቴ ስህተት መሆኑን በስሜ አስፍሬ፣ አገሪቱ የምትከሰስ ብትሆን እንኳን ፋብሪካው እንዲዘጋ ጠየቅኩ። አቶ መክብብ ሳያመነቱ ፈረሙበት። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ወራት ወሰደ፤ አቶ መክብብም በመካከሉ ጡረታ ወጡ። በመጨረሻ ፋብሪካው እንደገና ታሸገ። ባለቤቶቹም እንዳሉት አደረጉ፤ በአሮጌው ስምምነት መሠረት ውጭ አገር ከሰሱን። ክርክሩ ይህን እስከምጽፍበት ቀን አላለቀም። ከተከሳሽ ወገን ጠበቆች አንዷ እኔ ነኝ። ከሳሾቹ ካቀረቧቸው ማስረጃዎች መካከል በአንደኛ ደረጃ የተጠቀሰው የመጀመሪያው ሁለት ገጽ አስተያየቴ ነው፤ «መንግሥት ራሱ እግዱ ከስምምነቱ ጋር ሊጋጭ እንደሚችል አምኖ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሒክማ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቂት ቃላት ተመልሰውላታል፤ «ውሃ»፣ «እማ»፣ «አይ»። ሐኪሟ ከዚህ ብዙም እንደማያልፍ ነግራናለች። የከድር ግራ እጅ ትንሽ ተሽሎታል፣ ቀኙ ባለበት ነው። እትዬ ሩቂያ ቤት እሄዳለሁ፤ ያስገቡኛል፤ ሻይ ይቀርብልኛል። ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ይህን ከምታነቡ ሰዎች መካከል ምናልባት እንደ እኔ ወረቀት የምትጽፉ ትኖራላችሁ። ስምምነት ላይሆን ይችላል፤ ፈቃድ፣ ውሳኔ፣ መመሪያ፣ አንዲት «ለጊዜው» የምትል ቃል። ብዙ ምክር የለኝም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባሪውን ከሁሉ አስቀድሜ አነባለሁ፤ ስም ካለበት ስሞቹን ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ለምደውኛል። አንቀጽ ስንቀርጽም «ይህ ከዛሬ በፊት ለገባው ሰውስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ይሰሙኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙኝም። ይቅርታ አግኝቻለሁ ብዬ አልጨርስላችሁም፤ አልጠየቅኩም፣ አልተሰጠኝም።

ባለፈው ወር ለክርክሩ የምስክርነት ቃሉን ለመቀበል ከድር ቤት ሄድኩ። የግልግል ዳኞቹ ፊት መቅረብ ባይችልም፣ ጽሑፉ እንዲያያዝ ተፈቅዷል። ስድስት ገጽ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። መልሼ አነበብኩለት፤ ሁለት ቦታ አረመኝ። መጨረሻ ላይ ብዕር ሰጠሁት፤ ከጣቶቹ መካከል ወደቀ። አንሥቼ ደግሜ ሰጠሁት፣ ደግሞ ወደቀ።

«በጣት ይሁን» አለ።

የቀለሙን ስፖንጅ አወጣሁ። አንጓውን ይዤ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩለት፤ ስድስት ጊዜ፣ በየገጹ። እጁ ቀላል ነበር፣ ምንም አይገፋም። ስጨርስ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም ራሱ መጥረግ ስለማይችል፣ መሐረቤን በውሃ አርሼ እስኪለቅ ድረስ ጠረግኩለት።